መመሪያውን ሞላነው፤ ተዘጋጅተናል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «የምሠራው በአንድ መካከለኛ ድርጅት የዕቅድ ክፍል ነው። ሦስት ሕንፃ፣ አንድ ትልቅ መጋዘንና ወደ ሃያ የሚጠጉ ተሽከርካሪዎች አሉን። መንግሥት ድርጅቶች ለአየር ንብረት ለውጥ እንዲዘጋጁ የሚረዳ መመሪያ አውጥቷል። አለቃዬ ‹ሙላና አምጣ› ብሎ ሰጠኝ። ሦስት ወር ሞላኝ፤ ከሁለተኛው ምዕራፍ ግን አላለፍኩም። ሴናሪዮ (ወደፊት ልቀቱና ሙቀቱ በየትኛው መንገድ ሊሄድ እንደሚችል የሚያሳይ መላ ምት) ምረጡ ይላል፤ የትኛውን? አንድ አማካሪ ድርጅት ለግቢያችሁ ብቻ የሚሆን የ2050 የአየር ንብረት ሞዴል፣ ማለትም የወደፊቱን አየር ንብረት በኮምፒውተር የሚያሰላ ሥራ፣ ልሥራላችሁ እያለን ነው። ዋጋው የዓመት የሥልጠና በጀታችንን ይበላል። ደግሞስ እኛ ሶላር አስገብተናል፣ ዛፍ ተክለናል፤ ይኼ አይበቃም? መመሪያውን በትክክል ከሞላነው ከአደጋ ነፃ ነን ማለት ይቻላል?»

ምላሽ፦ አይቻልም። ከመጨረሻው ጥያቄዎ የጀመርኩት ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ስለሆነ ነው። መመሪያው ቅጽ ይመስላል እንጂ ቅጽ አይደለም። ሞልተው ሲያስረክቡት አያልቅም። የተጻፈው ድርጅትዎ የሚወስናቸውን ውሳኔዎች ለመቀየር ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የቆሙትም በስንፍና አይመስለኝም። መጨረሻ ላይ መምጣት የነበረበትን ጥያቄ መጀመሪያ ላይ ስለተጋፈጡት ነው።

ግራ መጋባቱ ከቃሉ ይጀምራል። እኛ በአማርኛ አስገዳጁንም ምክሩንም «መመሪያ» እንላለን። አንዱ ከሕግ የሚመነጭ ነው፤ ካልተፈጸመ ያስጠይቃል። ሌላው «እንዲህ ብታደርጉ ይጠቅማችኋል» የሚል ምክር ነው። ስለ አየር ንብረት መላመድ ለድርጅቶች የሚወጡት አብዛኞቹ ሁለተኛው ዓይነት ናቸው። ሁሉም ግን አይደሉም። ለምሳሌ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣችው የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ ለመንግሥት አንድ ሥልጣን ሰጥቷል። እንደ ውሃ፣ ኤሌክትሪክና ባቡር ያሉ አገልግሎቶችን የሚያቀርቡ ድርጅቶችን «ምን ስጋት አለባችሁ? ምን እያደረጋችሁ ነው?» ብሎ ሪፖርት መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ እርስዎ እጅ ያለውን ሰነድ የፊት ገጾቹን ይዩት። «አለበት» ይላል ወይስ «ይመከራል»? የሚመለከተውስ ማንን ነው? የሕግ ክፍላችሁ ይህን በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። (የአማካሪው 2050ም፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ምክር ነው ማለት ይናቃል ማለት አይደለም። አገሮች በ2010 በሜክሲኮዋ ካንኩን ላይ ብሔራዊ የመላመድ ዕቅድ ለማዘጋጀት ተስማሙ። በ2015 የፓሪስ ስምምነት መላመድን የዓለም ግብ አደረገው። በ2019 ደግሞ አይኤስኦ 14090 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣ፤ ይህ በቀጥታ ለድርጅቶች የተጻፈ ነው። ስለዚህ የየትኛውንም መንግሥት መመሪያ ቢያነቡ አጽሙ ተመሳሳይ ነው። ምን እንደምትጠብቅ ለይ፣ ስጋትህን መዝን፣ አማራጭ ደርድር፣ ወስን፣ ተከታተል፣ ከዚያ ተመልሰህ ከልስ። ክብ ነው። ክብ ስለሆነ በየትኛውም በኩል መግባት ይቻላል። እርስዎን የጎዳዎት ከገጽ አንድ ተነስቼ በቅደም ተከተል ልሂድ ማለትዎ ነው።

ሶላሩና ዛፉ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን የዚህ ጥያቄ መልስ አይደለም። ልቀት (ምድርን የሚያሞቁ ጋዞችን መልቀቅ) መቀነስ ማለት እኛ በአየር ንብረቱ ላይ የምናደርሰውን ጉዳት መቀነስ ነው። መላመድ ማለት አየር ንብረቱ በእኛ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መቀነስ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ግን የሌላውን ዕዳ አይከፍልም። ሶላራችሁን እንየው። ከዋናው መስመር ጋር የተገናኙ ብዙ የሶላር ሲስተሞች መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ሆን ተብሎ እንዲህ የተሠሩት መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ኤሌክትሪክ እንዳይገድለው ነው። የእናንተ እንደዚያ ከሆነ በማዕበል ቀን ሙሉ ፀሐይ ቢወጣ እንኳ ጨለማ ውስጥ ናችሁ። ባትሪና ራሱን ችሎ የሚሠራ ኢንቨርተር (የሶላሩን ኃይል ዕቃዎቻችሁ ወደሚጠቀሙበት መብራት የሚቀይረው መሣሪያ) ካለው፣ ኢንቨርተሩም ውሃ የማይደርስበት ቦታ ከተሰቀለ፣ ያኔ ሶላሩ የመላመድ ሥራም ሆነ ማለት ነው። ዛፉም እንደዚያው ነው። የከሰዓት ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ ካጠለለ ሕንፃውን ያበርዳል። የአጥር ጥግ ተተክሎ በመጀመሪያው ድርቅ የሚሞት ከሆነ ፎቶው ብቻ ነው የሚቀረው።

ከጥያቄዎ ጀርባ «ለ2050 ገና ነው» የሚል ሐሳብም ይታየኛል። አማካሪው የ2050 ሞዴል ሲላችሁ ጉዳዩ የ2050 ይመስላል። ጉዳዩ የአሁን ነው። ከ2011 እስከ 2020 የምድር አማካይ ሙቀት ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከፍ ብሏል። አንድ ዲግሪ ሲሉት ትንሽ ይመስላል። የሚጎዳን ግን አማካዩ ሳይሆን ጽንፉ ነው። በምህጻሩ አይፒሲሲ የሚባለው የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2021 ያወጣው ግምገማ ነገሩን በቁጥር አስቀምጦታል። ድሮ በ50 ዓመት አንዴ ይመጣ የነበረ ኃይለኛ ሙቀት፣ ምድር 1 ዲግሪ ስትሞቅ በዚያው 50 ዓመት ውስጥ ወደ 5 ጊዜ ይመጣል። በ1.5 ዲግሪ ወደ 9 ጊዜ ይጠጋል። በ2 ዲግሪ ወደ 14 ጊዜ። ሙቀቱ እጥፍ ሲሆን አደጋው ከእጥፍ በላይ ነው የሚያድገው። ዝናቡም አለ። አየር 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ከባድ ዝናብ ሲጥል ይበልጥ ይከብዳል። አሸንዳዎ የተሰቀለው ግን ለድሮው ዝናብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ስሕተት ላርም፤ መመሪያዎቹ ራሳቸው በደንብ አያብራሩትም። «በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ» የሚለውን ሰው ሲሰማ «ባለፈው መጥቷል፤ እንግዲህ ለልጅ ልጆቼ ነው» ይላል። ትርጉሙ እንደዚያ አይደለም። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ማለት ነው። ዘንድሮ መጥቶ ለከርሞም ሊደገም ይችላል። ስሌቱን አብረን እንሥራው። በአንድ ዓመት ያለመምጣት ዕድሉ 0.99 ነው። ይህን በራሱ 30 ጊዜ ያባዙት። 0.74 ይመጣል። ስለዚህ በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ነው፤ ከአራት አንድ ይበልጣል። በ50 ዓመት ደግሞ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ይህ ሁሉ የአየር ንብረቱ ባይለወጥ ነው። መጋዘናችሁ በባንክ ብድር የተሠራ ከሆነ ይህን ቁጥር ከብድሩ ዓመታት ጋር አስተያዩት።

አሁን ወደ ሴናሪዮው። «የትኛውን?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። «ለየትኛው ውሳኔ?» ብለው ይጠይቁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እስከ ሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ገደማ ድረስ ሴናሪዮዎቹ ብዙም አይለያዩም። የተለቀቀው ጋዝ ተለቅቋል፤ ዛሬ የምንቀንሰው ልቀት በሙቀቱ ላይ ጎልቶ የሚታየው ቆይቶ ነው። መንገዶቹ በሰፊው የሚለያዩት ከመቶ ዓመቱ አጋማሽ በኋላ ነው። እንግዲህ አሥር ዓመት ለሚያገለግል መኪና ሴናሪዮ ለመምረጥ ወር አያባክኑ። ያለፉትን ዓመታት መረጃ ይያዙ፣ ትንሽ ጨመር ያድርጉበት፣ ይቀጥሉ። ሃምሳ ዓመት ለሚቆም ሕንፃ ግን ሁለት ይያዙ። የብሪታንያ መንግሥትን የሚያማክረው ገለልተኛ ኮሚቴ የሰጠው ምክር ለእናንተም ይሠራል። ለ2 ዲግሪ ተዘጋጁ፤ 4 ዲግሪ ቢመጣ ምን እንደሚሆን ፈትሹ። ልዩነቱን ልብ ይበሉ። ለ4 ዲግሪ ገንባ አልተባለም። 4 ዲግሪ ቢመጣ የሠራኸው ነገር ይፈርሳል ወይስ ሊጠገን ይችላል ብለህ ጠይቅ ነው የተባለው። እጅግ ከፍተኛውን የልቀት ሴናሪዮም እንደ ትንቢት አይውሰዱት። መፈተኛ ነው።

የአማካሪውን ሞዴል አሁን አትግዙት። ብዙ ድርጅት ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ምክንያቱን በደንብ ልናገር። የዓለም የአየር ንብረት ሞዴሎች ምድርን በትልልቅ ሳጥኖች ከፋፍለው ነው የሚያሰሉት። የብዙዎቹ ሳጥን ጎን ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አንዱ ሳጥን ውስጥ ተራራውም፣ ሸለቆውም፣ ከተማውም ይገባል። ይህን ወደ ትንሽ ቦታ የሚያወርድ ዘዴ አለ፤ የተከበረ ሳይንስ ነው። የብሪታንያ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ለአገሩ በሙሉ እስከ 2.2 ኪሎ ሜትር የወረደ ትንበያ ሠርቷል። ያንን ግን የሠራው በሱፐርኮምፒውተር ነው፤ ውጤቱንም ለሕዝብ ከፍቶታል። ሳጥኑ ሲያንስ ሥዕሉ ይጠራል፤ እርግጠኝነቱ ግን አብሮ አያድግም። «በ2050 ግቢያችሁ 41.3 ዲግሪ ይሆናል» የሚል ሪፖርት ቢሰጧችሁ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለውን 3 በዚህ ምድር ላይ ማንም ሊያውቀው አይችልም። ያንን ቁጥር ይዛችሁ የምትወስኑት ውሳኔም «ከአሁኑ ይሞቃል፣ ጽንፉም ይበረታል» ብላችሁ ከምትወስኑት አይለይም። ድልድይ፣ ግድብ ወይም ትልቅ የውሃ ጣቢያ ብትሠሩ ሌላ ነገር ነበር። እናንተ ሦስት ሕንፃና አንድ መጋዘን ነው ያላችሁ።

ከዚያ ገንዘብ በጥቂቱ አንድ ቀያሽ ቅጠሩ። የግቢያችሁን ከፍታ ይለካ። የየትኛው በር ደፍ ዝቅ ይላል? ውሃው ከመንገዱ ወደ ግቢው ነው የሚወርደው ወይስ ከግቢው ወደ መንገዱ? የመብራት ፓነሉ ከወለሉ ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው? እነዚህ ቁጥሮች በትክክል ይታወቃሉ። ዛሬም ነገም ያገለግላሉ።

ከዚያ የራሳችሁን ታሪክ ሰብስቡ። ብሪታንያ ውስጥ የአካባቢ አስተዳደሮች በሰፊው የተጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ። ያለፉትን ዓመታት ጋዜጣና የመሥሪያ ቤት መዝገብ አገላብጠው፣ የአየር ሁኔታ ሥራቸውን ያስተጓጎለበትን ቀን ሁሉ ይለቅማሉ። ምን ሆነ? ማን ተነካ? ምን አወጣን? ሞዴል አያስፈልገውም። የጥገና ክፍሉ ደረሰኞች፣ የሹፌሮች ሪፖርት፣ የሠራተኛ ቀሪ መዝገብ፣ የመድን ካሳ ፋይል። አሥር ዓመት ወደኋላ ይሂዱ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በዓይኔ ስላየሁት ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ድርጅትን የመላመድ ዕቅድ እንድገመግም ተጠራሁ። ሰነዱ ያማረ ነበር። የስጋት ሠንጠረዡ ዘጠና ምናምን ረድፍ ነበረው። ሁሉም ማለት ይቻላል ቢጫ፣ «መካከለኛ» የሚል። ሁሉም መካከለኛ ከሆነ የቱ ይቀድማል? ሰነዱን አጠፍኩና ግቢውን ልዙር አልኩ። ያዞሩኝ የጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ፤ እዚያ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሠርተዋል። መጋዘኑ ጀርባ ስንደርስ ጎንበስ አሉና እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። «እስከዚህ ነው የሚደርሰው» አሉኝ። ጉልበታቸው ጋ ነው። ጠጋ ብዬ ሳይ ቀለሙ ላይ የደረቀ ጭቃ ያሰመረው መስመር አለ። ደግሞ አንድ አይደለም። ሦስት ነው፣ አንዱ ካንዱ በላይ። የላይኛው አዲሱ ነበር። እዚያው አጠገብ የጄኔሬተሩ ቤት አለ። የነዳጅ ፓምፑ የተተከለው መሬቱ ላይ ነው፤ ከሦስቱም መስመሮች በታች። ዘጠና ምናምኑ ረድፍ ውስጥ ያ ፓምፕ አልነበረም። ዕቅዱን ያዘጋጁት ሰዎች ብርቱ ሠራተኞች ናቸው። እኚህን ሰው ግን አልጠየቋቸውም።

ፓምፑ ትንሽ ነገር እንዳይመስልዎ። በ2012 ኦክቶበር መጨረሻ ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ኒውዮርክን ሲመታ፣ የቤልቪው ሆስፒታል ጄኔሬተሮች 13ኛ ፎቅ ላይ ነበሩ። ከጎርፍ የራቁ ናቸው። ነዳጁን ወደ ላይ የሚገፉት ፓምፖች ግን ምድር ቤት ነበሩ፤ ምድር ቤቱም በውሃ ሞላ። ሰዎች ነዳጁን በእጅ እየተቀባበሉ፣ በደረጃ፣ 13ኛ ፎቅ ድረስ አደረሱት። በመጨረሻ ሆስፒታሉ ሕሙማኑን ማስወጣት ግድ ሆነበት። ጄኔሬተሩን ከፍ ያደረገው ሰው ልክ ነበር። ግን አንድ ገመድ ብቻ ነው የተከተለው።

ስለዚህ በመመሪያው ውስጥ «የእርስ በርስ ጥገኝነት» የሚል ክፍል ካለ አይዝለሉት። ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። የእናንተ ግቢ ደረቅ ሆኖም ልትቆሙ ትችላላችሁ። በዲሴምበር 2015 በእንግሊዟ ላንካስተር አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ በጎርፍ ተዋጠ። ወደ 60,000 ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ። ወዲያው ሞባይሉ ጠፋ፣ ኢንተርኔቱ ጠፋ፣ የካርድ ክፍያ ቆመ። ውሃ ደጁን ያልነካው ሁሉ ተነካ። በ2011 ታይላንድ በጎርፍ ስትጥለቀለቅም በሌላው የዓለም ጫፍ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ተወዷል። እንግዲህ አንድ ወረቀት ላይ ድርጅትዎን መሃል ያድርጉና ገመዶቹን ይሳሉ፦ መብራት፣ ውሃ፣ ኔትወርክ፣ መንገድ፣ ዋና አቅራቢ፣ የሠራተኛ ትራንስፖርት። እያንዳንዱ ለሦስት ቀን ቢቋረጥ ምን ይቆማል? ይህች አንዲት ገጽ ከሠንጠረዡ ሁሉ ትበልጣለች።

ቀጥሎ የሚመጣው የሥራው ልብ ነው። በሚቀጥሉት አሥራ ስምንት ወራት ውስጥ ገንዘብ የምታወጡባቸውን ውሳኔዎች ዘርዝሩ። አዲስ ጣሪያ? የመጋዘን ኪራይ ማደስ? መኪና? የሰርቨር ክፍል ማዛወር? ከእያንዳንዱ ጎን ስንት ዓመት እንደሚቆይ ጻፉ። ከዚያ ረጅም ዕድሜ ያላቸውንና ከተሠሩ በኋላ ለመቀየር የሚያስቸግሩትን ለዩ። ብዙ ጊዜ ከአራት ከአምስት አይበልጡም። ሙሉ ትኩረታችሁ እነሱ ላይ ይሁን። የጣሪያ ኮንትራት ሲፈረም ሰፋ ያለ አሸንዳ ማስገባት የዋጋውን ቅንጣት ነው የሚጨምረው። ጣሪያው ካለቀ በኋላ ግን እንደገና መሰላል፣ እንደገና ኮንትራክተር፣ እንደገና በጀት ነው። መላመድ የሚረክሰው ሌላ ሥራ ላይ ተደርቦ ሲሠራ ነው። ለብቻው ፕሮጀክት ሲሆን ይወደዳል፣ በመጀመሪያው የበጀት ቅነሳም ይሰረዛል።

ለእያንዳንዱ ውሳኔ አንድ ጣሪያ ቁጥር አበጁለት፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሥራ የሚቆምበትን ማለቴ ነው። ለምሳሌ ለሰርቨር መሣሪያዎች በተለምዶ የሚመከረው የሚገባው አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ እንዲሆን ነው። የእናንተ ኤሲ በውጭ ስንት ዲግሪ ሙቀት ድረስ ያንን ይጠብቃል? የአምራቹ ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ይዩት። በጁላይ 2022 በብሪታንያ የሙቀት መጠን ለመጀመሪያ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሁለት ትልልቅ የለንደን ሆስፒታሎች የሚገለገሉባቸው የመረጃ ማዕከሎች ከሥራ ወጡ። ማቀዝቀዣው የተገዛው እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ተብሎ አልነበረም።

ቁጥሩ ከተገኘ ሁሉንም ዛሬ መሥራት አይጠበቅባችሁም። እዚህ ላይ የቴምዝ ወንዝ ዕቅድ ጥሩ አስተማሪ ነው። ለንደንን ከባሕር ማዕበል የሚጠብቀው ትልቁ የወንዝ በር ሥራ የጀመረው በ1982 ነው። ባሕሩ እየጨመረ ነው፤ በስንት ፍጥነት እንደሚጨምር ግን ማንም እርግጠኛ አይደለም። በ2012 የወጣው ዕቅድ አንድ ቁጥር መርጦ «ይህን ያህል ከፍታ እንገንባ» አላለም። በርካታ አማራጮችን በቅደም ተከተል አስቀመጠ። ከዚያ አሥር ጠቋሚዎችን መከታተል ጀመረ። ባሕሩ እዚህ ሲደርስ ይህን እንጀምራለን፤ ፈጥኖ ከመጣ ወደዚያኛው መንገድ እንሻገራለን። ዋናው ብልሃት ለመገንባት የሚፈጀውን ዓመት ቀድሞ መቁጠር ነው። እናንተም በትንሹ ይህንኑ አድርጉ። «በአንድ ዓመት ውስጥ የመጋዘኑ ግቢ ሁለት ጊዜ ውሃ ከያዘ ዕቃው ወደ ላይኛው መደርደሪያ ይወጣል። የበሩን ደፍ አንዴ ካለፈ ሌላ መጋዘን መፈለግ እንጀምራለን» ብላችሁ ጻፉ። ቁጥሩን የሚከታተለው ማን እንደሆነም በስም ይጻፍ። «የሚመለከተው ክፍል» ከተባለ ማንም አይከታተለውም።

ጥቂት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። የመጀመሪያው፣ መፍትሔው ራሱ ሊጎዳ ይችላል። በየክፍሉ ኤሲ መስቀል ውጪውን ያሞቃል፣ መብራቱንም የሚጫነው ሁሉም በሚፈልገው ሰዓት ነው። መጀመሪያ ጥላ፣ አየር ማዘዋወሪያና የነጣ ጣሪያ ይሞከር። የጎርፍ ግንብም ውሃውን አያጠፋውም፤ ጎረቤት ላይ ይደፋዋል። ሁለተኛው፣ መድን አለን ብላችሁ አትዘናጉ። መድን ከጉዳት በኋላ ነው የሚከፍለው። ውሉ ብዙ ጊዜ የዓመት ስለሆነ አደጋው ሲደጋገም ዋጋው ይወጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አንገባም ይላሉ። ሦስተኛው፣ አንዳንድ ቦታ አይላመዱበትም። አይፒሲሲም መላመድ ገደብ እንዳለው በግልጽ ጽፏል። ቀያሹ መጋዘናችሁ የአካባቢው ውሃ ሁሉ መሰብሰቢያ ላይ ነው ካላችሁ፣ ፓምፕ ከመደርደር የኪራይ ውሉ የሚያልቅበትን ቀን መቁጠር ይሻላል።

አራተኛው ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ያነበብኳቸው ዕቅዶች ብዙዎቹ ስለ ዕቃ ናቸው። ሰው የለባቸውም። መጋዘን ውስጥ ጭነት የሚያወርደው ልጅ፣ ያለ ኤሲ ቀኑን ሙሉ የሚነዳው ሹፌር፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚውለው ጥበቃ። ሙቀት ሰው ይገድላል፤ ደግሞ ድምፅ የለውም። እርጥበት ሲጨመርበት ላብ አይተንም፣ ሰውነት ራሱን ማብረድ ያቅተዋል። አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል፤ ሰውነቱ ገና አልለመደም። የሥራ ሰዓት ወደ ማለዳ መግፋት፣ ጥላ፣ ውሃና የግዴታ ዕረፍት ብዙ ገንዘብ አይፈልጉም። ዘንድሮውኑ መጀመር ይቻላል። የሞዴል ውጤት እስኪመጣ ሊጠበቅበት የማይገባ ሥራ ነው።

እንግዲህ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የማደርገው ይህ ነው። መመሪያውን ለስድስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከጥገና፣ ከሹፌሮችና ከጥበቃ ጋር እየዞርኩ የአሥር ዓመቱን ታሪክ እሰበስባለሁ። በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ቀያሹ ይለካል፤ እኔ የጥገኝነቱን ሥዕል እጨርሳለሁ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ከፋይናንስና ከግዢ ክፍል ጋር ቁጭ ብዬ የአሥራ ስምንት ወሩን ውሳኔዎች እለያለሁ። ፋይናንስ ክፍሉ ካልገባበት ነገሩ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከዚያ ለአለቃዬ ሁለት ገጽ ይዤ እገባለሁ። አንደኛው ገጽ ላይ የሚቀየሩት ውሳኔዎች፣ የሚጨምሩት ወጪና ኃላፊው ሰው። ሁለተኛው ላይ የማስጠንቀቂያ ቁጥሮቹና በየዓመቱ የሚከለሱበት ወር። እሱ ከተፈረመ በኋላ መመሪያውን ከመሳቢያ አውጥተው ይሙሉት። ያን ጊዜ ሁለተኛው ምዕራፍ አያስቸግርዎትም፤ ሴናሪዮውን ለየትኛው ውሳኔ እንደሚፈልጉት አስቀድመው ያውቃሉና።

ለአማካሪው ድርጅት «አሁን አይደለም» ይበሉት። የቀያሹን ሥራ ግን የሚቀጥለው ዝናብ ሳይገባ ያስጨርሱ።